ያቺ የ1976 መስመር

ሐምሌ 17፣ ዓርብ ማታ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሆድ ብሶኝ ነው የዋልኩት። ምን እንደነካኝ አላውቅም። ምናልባት ብርዱ ይሆናል። የጆሃንስበርግ ክረምት እንደ እኛ ክረምት ዝናብና ጭቃ የለውም። ደረቅ ብርድ ነው፤ አጥንት ውስጥ ገብቶ አልወጣም ይላል። እኔ የምነግድበት የጄፒ ገበያም ቀዝቅዟል። ከሰዓት በኋላ ሁለት ብርድ ልብስ ብቻ ሸጥኩና ሱቁን በጊዜ ዘጋሁ። ቤት ገብቼ ሽሮዬን ጣድኩ። ሂተሩን እግሬ ሥር አስጠግቼ ቁጭ አልኩ።

ስልኬ ጮኸ። የወንድሜ ልጅ ነው። "አጎቴ፣ ይቺን አንብብና ማን እንደሚያሸንፍ ንገረኝ" ይላል። ከሥሩ በቁጥር የታጨቀ የራግቢ ጨዋታ ቅድመ ትንታኔ ልኮልኛል።

ስፕሪንግቦክስና ኦል ብላክስ። የደቡብ አፍሪካና የኒውዚላንድ ብሔራዊ ቡድኖች። ቅዳሜ ነሐሴ 16፣ ኤሊስ ፓርክ። ልጁ ትኬት ቆርጦልኛል። ዕለቱ ፍልሰታ የሚፈታበት ነው። አስቀድሼ፣ ፆሜን ፈትቼ፣ ከዚያ ወደ ስታዲየም። እንዲህ ያለ ቅዳሜ በስንት ጊዜ አንዴ ነው የሚገኘው።

ልጁ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያደገ ነው። በትምህርት ቤቱ ራግቢ ይጫወታል። ጨዋታውን ያስለመደኝም እሱ ነው። መጀመሪያ ሳየው 30 ሰው ሜዳ ላይ የሚደባደብ ነበር የመሰለኝ። አሁን ስክረም ሲገፉ፣ ማለት ሁለቱ ወገን ተቃቅፈው ሲጋፉ፣ የትኛው ወገን እንደተረታ ከእግራቸው አያለሁ። ኳሷ በእጅ ወደ ፊት አትሰጥም። ወደ ኋላ እየሰጡ ነው ወደ ፊት የሚሄዱት። ይቺን ነገር በጣም ነው የምወዳት።

ቁጥር ደግሞ ደስ ይለኛል። ቀኑን ሙሉ ስቆጥር የምውል ሰው ነኝ። ሽሮው እስኪንተከተክ ማንበብ ጀመርኩ።

ሁለቱ ከ1921 ጀምሮ 110 ጊዜ ተገናኝተዋል። ኒውዚላንድ 63 አሸንፋለች፤ ደቡብ አፍሪካ 43። አራቱ አቻ ናቸው። እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው ኒውዚላንድ ናት ይላል። ግን የቅርብ ጊዜውን እዩ። 2023 ለንደን ላይ 35 ለ 7። በዚያው ዓመት የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ፓሪስ ላይ 12 ለ 11። 2024 እዚሁ ኤሊስ ፓርክ 31 ለ 27፣ በሳምንቱ ኬፕታውን 18 ለ 12። አራቱንም ደቡብ አፍሪካ ናት የወሰደችው። አምና ኦክላንድ ላይ ኒውዚላንድ 24 ለ 17 አሸነፈች። በሳምንቱ ዌሊንግተን ላይ ግን 43 ለ 10 ተሸነፈች። ኦል ብላክስ በታሪካቸው እንዲህ ተሸንፈው አያውቁም።

የፓሪሱን ፍጻሜ ከልጁ ጋር ነው ያየሁት። ደቡብ አፍሪካ አንድም ትራይ አላገባችም፤ ኳሷን ከመጨረሻው መስመር አሳልፎ መሬት ማስነካት ነው ትራይ የሚባለው። አራት ፔናልቲ ብቻ፣ አራቱንም ፖላርድ የሚባለው መቺ። ፒተር ስቴፍ ዱ ቶይት የሚባለው ረጅሙ ልጅ 28 ቴክል አደረገ። 28 ጊዜ በሙሉ ፍጥነት በሚመጣ ሰው ላይ ተወርውሮ ጣለ ማለት ነው። በአንድ ጨዋታ! በአንድ ነጥብ የተገኘ ዋንጫ ነው፤ በየትኛዋ ቴክል ላይ እንደተገኘ ማን ያውቃል።

ስለ ከፍታም ጽፈዋል። ጆሃንስበርግ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ናት። ኳሷ ርቃ ትሄዳለች፤ እንግዳው ቡድን ደግሞ መጨረሻ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል ይላሉ። እውነት አላቸው። በ2024ቱ ጨዋታ ኒውዚላንድ በመጨረሻው ሩብ ላይ 27 ለ 17 እየመራች ነበር። ከዚያ በኋላ የገባው 14 ነጥብ በሙሉ የደቡብ አፍሪካ ነው። ለእኔ ለአዲስ አበባው ልጅ ይህ ከተማ ቁልቁል ነው። ለነሱ ግን ተራራ ነው።

ለልጁ "ደቡብ አፍሪካ፣ በአምስት ነጥብ" ብዬ ልጽፍለት ጀምሬ ነበር። ከዚያ ወደ ታች ወረድኩ። የ110ሩም ጨዋታ ዝርዝር አለ። ቀን፣ ከተማ፣ ውጤት። 1949 ላይ አራት ጨዋታ፣ አራቱንም ደቡብ አፍሪካ። ኒውዚላንድ ያኔ ማኦሪ የሚባሉትን የነባሩን ሕዝብ ተጫዋቾቿን አገር ቤት ትታ እንደመጣች ሰንጠረዡ አይናገርም። አፓርታይድ ጥቁር አናስገባም ስላለ፣ ጎበዝ ጎበዙን አስቀርተው ነጭ ነጩን ይዘው መጡ። ያም እንደ ጨዋታ ተቆጠረ። ያም ከ43ቱ ውስጥ ነው።

ወረድ ስል አንዲት መስመር ላይ ቆምኩ።

ጁላይ 24፣ 1976። ደርባን። 16 ለ 7።

የስልኬን ሰዓት አየሁ። ጁላይ 24። ልክ 50 ዓመት።

ሽሮው ሲያር ነው የነቃሁት።

እኔ ይቺን ቀን አላውቃትም ነበር። ታሪኩን ግን አውቀዋለሁ፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። በዚያ ዓመት ሰኔ ወር ላይ ሶዌቶ ውስጥ ተማሪዎች ላይ ተተኮሰ። ዓለም ሁሉ ጮኸ። ኦል ብላክስ ግን ሻንጣቸውን ይዘው ለመጫወት መጡ። የአፍሪካ አገሮች ኒውዚላንድ ከሞንትሪያል ኦሎምፒክ ትውጣ ብለው ጠየቁ። ራግቢ የኦሎምፒክ ስፖርት አይደለም ተባለ። ያን ጊዜ ወደ 30 የሚጠጉ አገሮች ጥለው ወጡ። አብዛኞቹ የአፍሪካ ናቸው። ኢትዮጵያም ወጣች።

ኢትዮጵያ ወጣች ሲባል የወጣው ሰው ስም አለው። ምሩጽ ይፍጠር።

በ1972 ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ አግኝቷል። ለ5,000ው ግን ማጣሪያው ላይ ሳይደርስ ቀረ። አራት ዓመት ያንን በሆዱ ይዞ ተዘጋጀ። ሞንትሪያል የሱ ነበረች ብዬ ነው የማምነው። የሞንትሪያል የ10,000 ሜትር ፍጻሜ የተሮጠው ጁላይ 26 ነው። ደርባን ላይ 16 ለ 7 ከሆነ ከሁለት ቀን በኋላ። የፊንላንዱ ላሲ ቪረን በ27 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ወሰደው። ጁላይ 30 ደግሞ 5,000ውን ደገመ። በ5,000ው ሁለተኛ የወጣው ማነው? ዲክ ኳክስ። የኒውዚላንድ ሯጭ። ሰውየው ምንም አላጠፋም፣ ሮጦ ያገኘው ብር ነው። ግን ኒውዚላንድ መም ላይ ናት፣ ምሩጽ እዚያ የለም። ይቺን ሳስብ አንጀቴ ይቃጠላል።

አባባ ሾፌር ነበር። ኤንትሬ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። የምሩጽን ታሪክ ሲያወራልን አፉ ብቻ አልነበረም የሚያወራው። እራት ላይ፣ መሶቡ ጎን ተቀምጦ፣ ቀኝ እጁን ይጨብጥና ጉልበቱ አጠገብ ያቆመዋል። ሩጫው ሲጀምር ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነው። ዙሩ ሲቆጠር እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልክ ዳገት ላይ ያለ መኪና ማርሽ እንደሚንቀጠቀጠው። ከዚያ "አሁን!" ይላል፤ እጁን ወደ ኋላ ስብ ያደርጋል። አራተኛ። ግራ እግሩም አብሮ ፍሪሲዮን ይረግጣል። ማርሽ ቀያሪው የሚባለውን ስም እኔ ከሬዲዮ አይደለም የሰማሁት፤ ከአባባ እጅ ነው ያየሁት። እናቴ "እንጀራው ላይ እንዳትወጣ" ትለው ነበር።

ሞስኮን እንዲህ ነበር የሚያሳየን። 1980፣ 5,000ም 10,000ም ወርቅ። ያ ቪረን በ10,000ው አብሮ ሮጦ አምስተኛ ወጣ። ሙኒክንም ያወራል፤ እሱን ሲያወራ እጁን አይጨብጥም። ሞንትሪያልን ግን አንድ ቀን አንስቶ አያውቅም። ከሙኒክ ቀጥታ ሞስኮ ነው የሚገባው። እኔም አልጠየቅኩም። ልጅ ሆነህ ያልተነገረህን ነገር አትጠይቅም፤ መኖሩንም አታውቅም።

አሁን ልጠይቀው ብል አባባ የለም።

አድማው ትክክል ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ ትክክል ነበር። ዛሬም እንደዚያው እላለሁ። እኛ ደግሞ የጀመርነው 1976 ላይ አይደለም። 1957 የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ላይ ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ነበር የደረሳት። ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ስትል ደቡብ አፍሪካ ቀረች፤ ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። የአፍሪካ እግር ኳስ መሪ የነበረው ይድነቃቸው ተሰማ ዕድሜውን ሙሉ በዚህ ጉዳይ አንድ ቀን ሸብረክ አላለም። እኮራበታለሁ። ግን ትክክል የሆነ ነገርም ዋጋውን የሚከፍል ሰው አለው። ዋጋውን የከፈለው ሰው ደግሞ ሰንጠረዥ ላይ አይወጣም።

ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች መንደር ውስጥ ሱቅ የነበረኝ ጊዜ ትዝ አለኝ። በሩን ሰብረው የገቡ ቀን፣ "ወደ አገርህ ሂድ" ያሉኝ ቀን፣ አእምሮዬ ውስጥ የመጣው ምሩጽ ነበር። "ለእናንተ ብሎ አልሮጠም እኮ" ልላቸው ፈልጌ ነበር። ለማን ትለዋለህ። ዱቄቱ መሬት ላይ ፈሷል፣ ሰዉ እየተጋፋ ነው።

በዚያው መንደር ግን አንድ ሽማግሌ ደንበኛ ነበረኝ። በየማለዳው ግማሽ ዳቦ ይገዛል። የራግቢ ነገር ሲነሳ ዓይኑ ይበራ ነበር። በወጣትነቱ ኤሊስ ፓርክ ለጥቁሮች በተከለለች ጥግ ቆሞ ያይ ነበር። የሚደግፉት ኦል ብላክስን ነበር፤ ስፕሪንግቦክስ የሚሸነፍበትን ቀን ነበር የሚጠብቁት። ከዝርፊያው በኋላ ሱቁን ስከፍት መጀመሪያ የመጣው እሱ ነው። ያን ቀን የምሩጽን ነገር ነገርኩት። ሰማኝ። ዳቦውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ከኋላው ሰው ተሰልፏል፣ እሱ አይንቀሳቀስም። "ይህን የነገረን የለም" አለኝ። ከዚያ "ስሙን ድገምልኝ" አለ። ደገምኩለት። "ም-ሩጽ" አለ። ጽ አልወጣ አለችው። ሦስት ጊዜ ሞከራት።

ምሩጽ በ1979 ሞንትሪያል ሄዷል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። የአትሌቲክስ የዓለም ዋንጫ በዚያው በኦሎምፒክ ስታዲየም ነበር። ለአፍሪካ ሮጦ 5,000ውንም 10,000ውንም አሸነፈ። ሦስት ዓመት ዘግይቶ፣ በዚያው መም ላይ። ከሁሉም በላይ ይቺ ነች የምትገርመኝ። የመጨረሻውን ዙር ሲጀምር ምን እያሰበ ነበር? በኋላም ኑሮው እዚያው ካናዳ ሆነ። ያረፈው ቶሮንቶ ነው፣ 2016 ላይ።

ጋዜጠኞች ዕድሜውን ሲነዘንዙት፣ ዶሮዬን ሊሰርቁኝ ይችላሉ፣ በጌንም ሊሰርቁኝ ይችላሉ፣ ዕድሜዬን ግን ማንም አይሰርቀኝም አለ ይባላል። ሰው ሁሉ ይስቅበታል፤ እኔም ስቄበታለሁ። ዛሬ ማታ ግን አላሳቀኝም። ከ1972 እስከ 1980 ስምንት ዓመት ነው። ለሯጭ ስምንት ዓመት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ጁላይ 26 በእኛ ሐምሌ 19 ነው። ከነገ ወዲያ። ገብርኤል። ያኔም፣ 1968 ዓ.ም. ሐምሌ 19 ገብርኤል ነበር። ሞንትሪያል ላይ ከሰዓት በኋላ ሲሆን እኛ ጋ መሽቷል። ምሩጽ የአየር ኃይል ሰው ነው፤ ሬዲዮ አያጣም። ልጁ ሁለተኛ መልእክት ልኳል፣ ገና አልከፈትኩትም። እኔ የማስበው ያቺን ሌሊት ነው። ሬዲዮ ከፍቶ ይሆን? ወይስ ጠዋት ልምምድ አለኝ ብሎ በጊዜ ተኛ?