የማሲንቆው ጭራ የት ሄደ፦ ስለ ቮልዩምና ስለ ገመድ

ባለፈው ክረምት ደሴ፣ ሆጤ በሚገኘው ቤታችን፣ ለአባቴ ባለ ቫልቭ (እንደ አምፖል ባለ የመስታወት ቱቦ ድምፅን የሚያጎላ) አምፕሊፋየር ሠርቼ ስጨርስ፣ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ድምፁን ከፍና ዝቅ እንዲያደርጉ በማሰብ ቮልዩሙን (የድምፅ ማዞሪያውን) ከአምፕሊፋየሩ አውጥቼ በአንዲት ትንሽ የእንጨት ሣጥን ውስጥ አስገባሁትና በ3 ሜትር ገመድ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኘሁት። አባቴ አንድ የቆየ የአምባሰል ቅኝት ካሴት አስገብተው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ «ድምፁ መልካም ነው፤ ግን ልጄ፣ የማሲንቆው ጭራ የት ሄደ?» አሉኝ። አባቴ ኤሌክትሮኒክስ አያውቁም፤ ማሲንቆ ግን ያውቃሉ። የደጋኑ ጭራ ከማሲንቆው ክር ጋር ሲፋተግ የሚወጣው ያ ሻካራ ድምፅ በእርግጥም ደብዝዞ ነበር፤ ጥፋቱም የቫልቮቹ ወይም የካሴቱ ሳይሆን የእኔ ነበር።

አምፕሊፋየሩ በመግቢያው ኢሲሲ83 የተባለውን ቫልቭ፣ በመውጫው ደግሞ በእያንዳንዱ ወገን (በግራና በቀኝ) አንድ ኢኤል84 የተባለ ቫልቭ የያዘ ሲሆን፣ ከእያንዳንዱ ወገን ወደ 5 ዋት ያወጣል። ለቮልዩሙ የተጠቀምኩት በእጄ የነበረውን የ250 ኪሎ ኦም ፖቴንሽዮሜትር፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የሚገታበት መጠን (ሬዚስታንሱ፣ በኦም የሚለካው) በማዞር የሚለወጥ ባለ ሦስት እግር ዕቃ፣ ነበር። ብዙ አሮጌ ሬዲዮዎች ከዚህም የሚበልጥ፣ እስከ 1 ሜጋ ኦም የሚደርስ ስለሚይዙ፣ ምንም ጉዳት ያመጣል ብዬ አልጠረጠርኩም።

የጉዳዩ ምንጭ እንዲህ ነው። ፖቴንሽዮሜትር ድምፁን ከመቀነሱ በተጨማሪ በሲግናሉ መንገድ ላይ ሬዚስተር ሆኖ ይቆማል። ሲግናሉን በግማሽ በሚቀንስበት ቦታ ላይ ከመሐል እግሩ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚታየው ሬዚስታንስ ከጠቅላላው ሩብ ይሆናል፤ ስለዚህ የ250 ኪሎ ኦሙ 62.5 ኪሎ ኦም፣ የ100 ኪሎ ኦሙ 25፣ የ50 ኪሎ ኦሙ 12.5 ኪሎ ኦም ሆኖ ይታያል። በሌላው በኩል ደግሞ ካፓሲታንስ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የማጠራቀም ባሕርይ (በፋራድ የሚለካ)፣ አለ፤ ከሬዚስታንስ ጋር ሲገናኝ ቀጭኑን ድምፅ ያዳክማል። ሲግናል የሚሸከም ባለ ጋሻ ገመድ በአንድ ሜትር 100 ፒኮ ፋራድ ያህል ሲኖረው፣ ኢሲሲ83 ደግሞ ሲግናሉን ወደ 60 ጊዜ ሲያጎላ በግሪዱ (በመግቢያ እግሩ) እና በፕሌቱ (በመውጫ እግሩ) መካከል ያለችው ከ2 ፒኮ ፋራድ የማትሞላ ካፓሲታንስ በዚያው ልክ ተባዝታ ትታያለች፤ የሶኬቱና የሽቦው ሲታከልበት ወደ 120 ፒኮ ፋራድ ይሆናል። የእኔ 3 ሜትር ገመድና ቫልቩ በድምሩ 420 ያህል ነበሩ ማለት ነው። 62.5 ኪሎ ኦም ከ420 ፒኮ ፋራድ ጋር ሲገናኝ፣ ድምፁ ከ6 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ጀምሮ እየወረደ ይሄዳል። አባቴ የጠየቁኝ ጭራ የሚገኘው እዚያው አካባቢና ከዚያ በላይ ነው።

ይበልጥ ያስገረመኝ ግን ጉድለቱ ቋሚ አለመሆኑ ነው። ማዞሪያው ዝቅ ብሎ ሲግናሉ ወደ አንድ አሥረኛ ሲወርድ፣ የሚታየው ሬዚስታንስ 22.5 ኪሎ ኦም ብቻ ስለሚሆን ድምፁ መውረድ የሚጀምርበት ገደብ ወደ 17 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ከፍ ይላል። ሌሊት በዝግታ ሳዳምጥ ጭራው ይሰማል፤ እንግዳ መጥቶ ድምፁ ከፍ ሲል ይጠፋል። በዚህ ምክንያት ለሁለት ሳምንት ያህል ጥፋቱን ከቫልቮቹ ስፈልግ ቆይቻለሁ።

መፍትሔው ገመዱን ማሳጠር ብቻ አልነበረም። ቮልዩሙን መልሼ አምፕሊፋየሩ ውስጥ፣ ከመጀመሪያው ቫልቭ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ላይ አስቀመጥኩት፤ ዋጋውንም ወደ 50 ኪሎ ኦም ቀየርኩት። አሁን 12.5 ኪሎ ኦም ከ120 ፒኮ ፋራድ ጋር ብቻ ስለሚገናኝ፣ ገደቡ ከ100 ኪሎ ኸርዝ በላይ ሆኗል። ያው የ3 ሜትር ገመድ አሁንም አለ፤ ነገር ግን ከቮልዩሙ በፊት፣ በካሴት ማጫወቻውና በአምፕሊፋየሩ መካከል ነው። የማጫወቻው መውጫ ኢምፒዳንስ (ለሲግናሉ የሚያሳየው ሬዚስታንስ) ጥቂት ኪሎ ኦም ብቻ ስለሆነ፣ የገመዱን 300 ፒኮ ፋራድ ያለ ችግር ይሸከመዋል። ረጅም ገመድ መዘርጋት ያለበት ከጠንካራው ምንጭ በኋላ እንጂ ከቮልዩሙ በኋላ አይደለም።

ታዲያ 10 ኪሎ ኦም ለምን አልመረጥኩም? ምንጩ ስልክ ወይም ሲዲ ማጫወቻ ብቻ ቢሆን ኖሮ እመርጠው ነበር። ባለ ቫልቭ ፕሪአምፕሊፋየር (ከአምፕሊፋየሩ በፊት ሲግናሉን የሚያዘጋጅ) ግን ሌላ ነገር ነው። የኢሲሲ83 ሲግናል በቀጥታ ከፕሌቱ ከተወሰደ የመውጫው ኢምፒዳንስ 40 ኪሎ ኦም ያህል ስለሚሆን፣ 10 ኪሎ ኦም ሲጫንበት ሲግናሉ ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። ከካቶዱ (ከሌላው የቫልቩ እግር) በሚወሰድበት ጊዜ ይህ ችግር ባይኖርም፣ በመውጫው ያለው ካፓሲተር 0.1 ማይክሮ ፋራድ ከሆነ ከ10 ኪሎ ኦም ጋር ሆኖ ከ160 ኸርዝ ገደማ በታች ያለውን ይቆርጣል፤ ይህም የከበሮውን ሆድ ማለት ነው። ያው ካፓሲተር ከ100 ኪሎ ኦም ጋር ቢሆን ገደቡ 16 ኸርዝ ይሆናል። እኔ ከ100 ይልቅ 50 ኪሎ ኦም የመረጥኩት ምንጮቼ ሁሉ ትራንዚስተር ስለሆኑ ነው፤ ባለ ቫልቭ ፕሪአምፕሊፋየር ያለው ሰው 100 ኪሎ ኦም ቢመርጥ ይሻለዋል።

የፖቴንሽዮሜትሩ ዓይነት ሎጋሪዝማዊ (መጀመሪያ ላይ በዝግታ፣ ወደ መጨረሻው በፍጥነት የሚጨምር) መሆን አለበት፤ ጆሯችን ድምፅ እጥፍ ሆነ የሚለው ወደ 10 ዴሲቤል ሲጨምር ስለሆነ፣ ሊኒየር (ከመነሻ እስከ መጨረሻ በእኩል መጠን የሚጨምር) የሆነው ድምፁን ሁሉ በመጀመሪያው ጥቂት ዙር ላይ ያከማቸዋል። በዕቃው ላይ በተጻፈው ፊደል መተማመን አይገባም፤ በእስያ ዕቃዎች ላይ ሎጋሪዝማዊውን የሚያመለክተው «ኤ» በአሮጌ የአውሮፓ ዕቃዎች ላይ ሊኒየር ማለት ነው። ማዞሪያውን መሐል ላይ አቁሞ ከመሐል እግር ወደ ሁለቱም ጫፎች በመልቲሜትር መለካት ነው። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ሊኒየር ነው። የእኔን ያስመጣሁት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚርቀው ከመርካቶ ስለነበር፣ የሚገዛልኝን ዘመዴን እዚያው ሱቅ ውስጥ አስለክቼዋለሁ።

ሲዲ ማጫወቻ ወደ 2 ቮልት ያወጣል፤ የእኔ አምፕሊፋየር ግን በግማሽ ቮልት ሙሉ ኃይሉን ይሰጣል። በዚህ ምክንያት ማዞሪያው ከመነሻው ብዙም ሳይርቅ ይቆማል፤ የግራና የቀኝ አለመመጣጠን የሚብሰውም በዚያ ቦታ ነው። ስለዚህ በሲዲው መግቢያ ላይ ብቻ 6.8 ኪሎ ኦም በተከታታይ፣ 2.2 ኪሎ ኦም ደግሞ ወደ ግራውንድ (የሲግናሉ የጋራ መመለሻ) አድርጌ ሲግናሉን ወደ ሩብ አወረድኩት። በሁለት ርካሽ ሬዚስተሮች የተገኘው የዘፋኙ ድምፅ መሐል መቆም፣ ውድ ባለ ደረጃ ማዞሪያ (በየደረጃው በተለኩ ሬዚስተሮች የሚሠራ) ከመግዛት አድኖኛል።

ከመሐል እግሩ በኋላ ከግሪዱ ወደ ግራውንድ 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር ማስቀመጥም አይዘንጋ፤ አቧራ ገብቶ የመሐል እግሩ ለቅጽበት ቢለቅ፣ ግሪዱ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ይይዘዋል።

የቀረው እምም የሚለው ድምፅ ነበር። በአገራችን መብራቱ 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ የግራውንድ ዙር (ግራውንዱ በሁለት መንገድ ተገናኝቶ ቀለበት መሥራቱ) ሲፈጠር የሚሰማው ወፍራሙ የ50 ኸርዝ ድምፅ ሲሆን፣ ከፓወር ሰፕላይ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ 100 ኸርዝ ሆኖ ቀጠን ይላል። የእኔ ወፍራሙ ነበር፤ ማጫወቻውንና አምፕሊፋየሩን በአንድ ዲቫይደር ላይ ሳደርግ፣ የአርሲኤ ጃኮቹን (የሲግናል ገመዱ የሚሰካባቸውን) አካል ከብረቱ ሣጥን ለይቼ ግራውንዱን ከመግቢያው አጠገብ በአንድ ነጥብ ብቻ ሳገናኝ ጸጥ አለ። እምምታውን ለማጥፋት ብሎ የመብራቱን ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደውን የደህንነት ሽቦ) መቁረጥ ግን ፈጽሞ አይገባም። በዚህ ሣጥን ውስጥ 300 ቮልት ገደማ አለ፤ ካፓሲተሮቹም መብራቱ ከተነቀለ በኋላ ይዘውት ይቆያሉ፤ ሰውን ከሞት የሚጠብቀው ያ አንድ ሽቦ ነው።

አባቴ አሁን የባቲና የአምባሰል ካሴቶቻቸውን ሲሰሙ፣ ቮልዩሙን ለመንካት እስከ መደርደሪያው ድረስ ይሄዳሉ፤ ጉልበታቸውን ግን ያማቸዋል። ስለዚህ ሞተር ያለውና በሪሞት የሚዞር የ50 ኪሎ ኦም ፖቴንሽዮሜትር እንዲፈለግልኝ ለዚያው ዘመዴ ነግሬዋለሁ፤ ሲመጣ የሚገባው እዚያው፣ ከቫልቩ አጠገብ ነው።