ቲክ... ቲክ ቲክ
ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋይገር ቆጣሪ፣ ማለትም ጨረር ሲያገኝ ቲክ የሚለውን መሣሪያ፣ በእጄ ያዝኩ። ገና ሳበራው "ቲክ... ቲክ ቲክ" ማለት ጀመረ። ክው አልኩ! ለካ ከአፈሩ፣ ከግድግዳውና ከህዋ የሚመጣው የተፈጥሮ ጨረር ነው። በዓለም አማካይ ለአንድ ሰው በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ገደማ ይደርሰዋል።

ሁሌ የሚያምታታኝ መለኪያው ነበር። ቤክሬል በሰከንድ ስንት አቶም እንደሚፈራርስ ይቆጥራል። ሲቨርት ደግሞ ጨረሩ ሰውነት ላይ ሊያደርስ የሚችለውን ጉዳት ይመዝናል። አንዱ ዝናቡን፣ ሌላው በዝናቡ መራሱን እንደማለት።

ከዚያ ትንሿን የመሞከሪያ የጨረር ምንጭ ወደ ቆጣሪው አቀረብናት። ጩኸቱ ቀለጠ! ርቀቱን እጥፍ ስናደርገው ቁጥሩ ወደ ሩብ ገደማ ወረደ። ወረቀት ላይ ስንቴ ያሰላሁትን ቀመር በጆሮዬ ስሰማው ሌላ ነገር ሆነብኝ።

ደረቴ ላይ የለጠፉልኝ ዶዚሜትር፣ ማለትም የደረሰብኝን ጨረር የሚመዘግበው መለኪያ፣ ግን ጭጭ። እሱ የሚናገረው ተወስዶ ሲነበብ ነው አሉ።