የአልጄሪያን ጦርነት ግድግዳ ላይ ስለጥፍ የሳትኳቸው ቀኖች

ታሪክ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ስለ አፍሪካ አገሮች ነፃነት ሲጠየቁ አንድ ዓመተ ምሕረት ጠርተው ይቀመጣሉ። ከዓመቱ ጀርባ ያሉትን ቀኖች እንዲያዩ ብዬ አልጄሪያ ከፈረንሳይ ጋር ያደረገችውን የነፃነት ጦርነት የሚያሳይ የቀን ሰንጠረዥ ልሠራ ተነሣሁ። አራት ፍሊፕ ቻርት በፕላስተር አያያዝኩ፤ በጥቁር ማርከር ዳር እስከ ዳር አሰመርኩ። አንድ ከሰዓት ይበቃኛል ብዬ ነበር። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ለታሪክ አስተማሪ ያሳፍራል። ቀኖቹን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልስ ሁሉንም ስምንት እየቀነስኩ ሄድኩ። ጦርነቱ የፈነዳው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1954 ነው። ከመስከረም በኋላ ስለሆነ የሚቀነሰው ሰባት ነው፤ ጥቅምት 22 ቀን 1947 ማለት ነው። እኔ 1946 ብዬ ለጠፍኩት። ቀጥሎ ያለውን፣ ኦገስት 20 ቀን 1955ን፣ ነሐሴ 14 ቀን 1947 ብዬ በትክክል ጻፍኩ። ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ በፈረንጆቹ አሥር ወር ያልሞላው በእኛ እንዴት ሃያ ሁለት ወር ሆነ?» ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን አደርጋለሁ?

ሳርመው ግን ያልጠበቅኩት ነገር ወጣ። በእኛ አቆጣጠር የመጀመሪያው ተኩስና የነሐሴው ጥቃት ሁለቱም 1947 ውስጥ ናቸው። አልጄሪያውያን ፓሪስ ላይ የተጨፈጨፉበት ቀንና ነፃነቱ ደግሞ ሁለቱም 1954 ውስጥ ይገባሉ። በፈረንጆቹ ስናነበው ይህ አይታይም።

ሁለተኛው ስሕተት ባሰ። መስመሩን ከጥቅምት 1947 ጀመርኩት። ጦርነቱን የጀመሩት ስድስት ሰዎች ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት የተነሡት ፎቶ አለ። ሁለቱ ተቀምጠዋል፣ አራቱ ከኋላ ቆመዋል። ለሠርግ የተጠሩ ነው የሚመስሉት። አዋጃቸው ኢጊል ኢሙላ በሚባል የካቢሊያ መንደር እንደኛ የድሮ ፈተና በስቴንስል ተባዛ። ደስ የሚል መነሻ ነው። ግን እነዚህን ሰዎች ምን አስመረራቸው ብትል መልሱ ከወረቀቴ ውጭ ቀረ።

መልሱ ሜይ 8 ቀን 1945 ነው፤ ሚያዝያ 30 ቀን 1937። ናዚ ጀርመን የተሸነፈችበት ቀን። በአልጄሪያዋ ከተማ ሴቲፍ ማክሰኞ ነበር፤ የገበያ ቀን። አልጄሪያውያን ድሉን ሊያከብሩ፣ በዚያውም ነፃነት ሊጠይቁ ወጡ። ቡዚድ ሳዓል የሚባል ወጣት የአልጄሪያን ባንዲራ ይዞ ነበር፤ ፖሊስ ተኩሶ ገደለው። በተነሣው ብጥብጥ መቶ ያህል አውሮፓውያን ተገደሉ። ከዚያ የፈረንሳይ ጦርና የታጠቁ ሰፋሪዎች በሴቲፍ፣ በገልማና በኬራታ ለሳምንታት ሰው ፈጁ። አምስተኛ ፍሊፕ ቻርት ገዝቼ በግራ በኩል ቀጠልኩ። ከሌሎቹ ትንሽ ዘመም ብሎ ተለጥፏል፤ እንደዚያው ይቅር አልኩ።

እዚህ ላይ ነው «የሟቾች ብዛት» የሚለውን ዓምድ የቀደድኩት። አልጄሪያ 45,000 ትላለች። ፈረንሳይ ያኔ ያመነችው ከ1,000 ጥቂት የሚበልጥ ነው። አንዱን መርጬ ብጽፍ ለአንዱ ወገን መመስከሬ ነው። ዓምዱን «ማን ስንት አለ?» ብዬ ቀየርኩት። ልጆቹ ከሁሉም በላይ የተከራከሩት በዚህ ዓምድ ነው።

ነሐሴ 14 ሁለቴ ይመጣል። በ1947 የታጋዮቹ አዛዥ ዚጉድ ዩሴፍ በዛሬዋ ስኪክዳ አካባቢ ያስነሣው ጥቃት፣ ከዓመት በኋላ ደግሞ ጦርነቱን የመራው የብሔራዊ ነፃነት ግንባር ራሱን ያደራጀበት የሱማም ጉባኤ። የአልጀርስን የከተማ ውጊያ በአጭሩ አለፍኩት። ቦምብ ያለበትን ታሪክ ልጆቹ ያለ እኔ ያገኙታል።

ኦክቶበር 17 ቀን 1961፣ ጥቅምት 7 ቀን 1954፣ ሌላ ጣጣ አመጣ። ከመስመሩ በላይ የሳልኩት የአልጄሪያ ካርታ ነው። ይህ ቀን ግን የፓሪስ ነው። በአልጄሪያውያን ላይ ብቻ የተጣለውን የሰዓት እላፊ ተቃውመው በዝናብ፣ ልብሳቸውን አሳምረው፣ ባዶ እጃቸውን ወጡ። በሞሪስ ፓፖን የሚመራው ፖሊስ ተኮሰባቸው፣ ደበደባቸው፤ ሴን ወንዝ ውስጥ የተወረወሩም አሉ። በካርታው ጥግ ፓሪስን በትንሽ ክብ ጨመርኩ። አሁን ብሠራው ካርታውን ከነሜዲትራንያን ባሕሩ እስለው ነበር።

የነፃነቱን ቀን ማግኘት ቀላል ነበር፤ ጁላይ 5 ቀን 1962፣ ሰኔ 28 ቀን 1954። ፈረንሳይ ለነፃነቱ ዕውቅና የሰጠችው ግን ጁላይ 3 ነው። ለምን 5ን ያከብራሉ? አልጀርስ ለፈረንሳይ እጇን የሰጠችው ጁላይ 5 ቀን 1830 ስለሆነ። 132 ዓመት ጠብቀው ያቺኑ ቀን መለሷት።

በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ ቀን አካፈልኩ። ለአንዷ ታኅሣሥ 2 ቀን 1953 ደረሳት፤ የአልጀርስ ሕዝብ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደ ጎል አገሩን እየጎበኙ ሳሉ ባንዲራ ይዞ መንገድ ያጥለቀለቀበት ቀን። በማግሥቱ መጥታ «ቲቸር፣ አያቴ ይሄን አታውቅም፤ ታኅሣሥ 4ን ነው የምታውቀው» አለችኝ። ሁለት ቀን ብቻ! የኛው የታኅሣሥ ግርግር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ ክብር ዘበኛ የተነሣበት። አያቷ ያኔ ልጅ ነበረች። ተኩስ ሲሰማ እናቷ ወለል ላይ አስተኝታ ፍራሽ እንደደረበችባት ነግራታለች።

ልጅቷ ከታኅሣሥ 2 ሥር በእርሳስ «ታኅሣሥ 4፣ አያቴ ፍራሽ ሥር» ብላ ጻፈች። ርዕሱ አልጄሪያ ነው ብዬ ላጲስ አንሥቼ ነበር። መልሼ ኪሴ ከተትኩት።