የጠብታ ራዲየስ ከሳተላይት፦ በድሬዳዋ የፈተነን መሬቱ ነው

የድሬዳዋንና የሐረርን ደመና ውፍረት (በኪሎ ሜትር ሳይሆን ብርሃን በሚከልልበት መጠን፣ ያለ አሃድ የሚለካ) እና የጠብታ ራዲየስ ከሜቴዎሳት-9፣ ከአውሮፓው የአየር ሁኔታ ሳተላይት፣ ምስል እያወጣን ነው፤ ቁጥሮቹ አሁን ፈር ይዘዋል። መንገዱ ናካጂማና ኪንግ በ1990 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው። በ0.6 ማይክሮሜትር የሞገድ ርዝመት ውሃ ብርሃን ስለማይመጥ ድምቀቱ ውፍረትን ይነግራል፤ በ1.6 ደግሞ ጠብታው በተለቀ ቁጥር ብዙ ይመጥና ደመናው ይጠቁራል። ሁለቱን ለየውፍረቱና ለየራዲየሱ ድምቀቱ አስቀድሞ ከተሰላበት ማመሳከሪያ ሰንጠረዥ ጋር ማስተያየት ነው። ውፍረት 12፣ ራዲየስ 10 ማይክሮሜትር ከሆነ ሁለት ሦስተኛ × 12 × 10፣ ማለትም በካሬ ሜትር 80 ግራም ውሃ ይወጣል።

አስቸጋሪው መሬቱ ነው። ከድሬዳዋ በስተሰሜን ያለው ደረቅ ሜዳ በ1.6 ከ0.6 ይልቅ ያበራል፤ ዝናብ ሲያርፍበት ይጠቁራል፣ ሲደርቅ መልሶ ይነጣል። ሰንጠረዡ ዓመቱን ሙሉ አንድ የመሬት ድምቀት ከያዘ፣ በደረቅ ቀን ስስ ደመናን ዘልቆ የሚመጣው የአፈሩ ብርሃን ለደመናው ይቆጠራል፤ ውፍረቱ ይጋነናል፣ ጠብታውም ያለልክ ያንሳል። ይህን ሳያስተካክሉ ሰንጠረዡን ማጣራት ድካም ብቻ ነው።

ደመና የሌለበትን የመሬት ድምቀት ለማግኘት የሠራልን እንዲህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ፒክስል ያለፉትን 10 ቀናት በዚያው ሰዓት ሰብስቡ፤ በየ15 ደቂቃው የሚነሱትን ምስሎች አታደባልቁ፣ የፀሐይ ማዕዘን ይለያያልና። ከዚያ በድምቀት ደርድሩና ሁለተኛውን ዝቅተኛ ውሰዱ። ብዙዎች የመጨረሻውን ዝቅተኛ ይወስዳሉ፤ ስህተት ነው፣ እሱ አብዛኛውን ጊዜ የደመና ጥላ ነው። የተመረጠው ቀን ሙቀት በሚለካበት በ10.8 ማይክሮሜትር ሞቃት ካልሆነ ደመና አለበትና ተዉት። በክረምት 10 ቀን ካልበቃ 15 አድርጉት፤ ያኔ ግን እርጥቡና ደረቁ አፈር ይቀላቀላል፣ እኛም መፍትሔ አላገኘንለትም። ውፍረቱ ከ5 በታች ከሆነ ራዲየሱን አንመዘግብም።

ከሐረር ተራሮች በላይ ከሰዓት በኋላ የሚቆለለው የተበጣጠሰ ደመና ሌላ ጣጣ ነው። ፒክስሉ 3 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ግማሹ ደመና፣ ግማሹ መሬት ይሆናል። ከ8ቱ ጎረቤቶቹ አንዱ እንኳ ጥርት ያለ ከሆነ ፒክስሉን ጣሉት። ከደመናው ብዙ እጅ ይጠፋል፤ ቢጠፋም ይሻላል።

ሳተላይቱ በ45.5 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ከድሬዳዋ አናት 12 ዲግሪ ያህል ብቻ ዘንበል ብሎ ስለሚታይ ደመናው በምስሉ ላይ ከቦታው ብዙም አይንሸራተትም። ግን በመስቀል ሰሞንና በመጋቢት መጀመሪያ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ልክ ከሳተላይቱ ጀርባ ትገባለች። ብርሃኑ በመጣበት ሲመለስ ጠብታዎቹ የራሳቸውን የድምቀት ቀለበት ስለሚሠሩ ራዲየሱ ይዘላል። የመመለሻው ማዕዘን (ብርሃኑ ልክ በመጣበት ሲመለስ 180 የሚሆነው) ከ172 ዲግሪ ካለፈ እነዚያን ምስሎች እናስወጣለን።