ንፍፊት

ዛሬ ልጄ የ9 ወር የኩፍኝ ክትባቱን ተከተበ። ሁለቴ ጮኸና ዝም አለ። ይበልጥ ያለቀሰችው እናቴ ናት።

ማታ ቡና ላይ ነገረችኝ። ኩፍኝ የወጣባት በስድስት ዓመቷ ነው። ታናሽ ወንድሟም አብሯት ታመመ። ሽፍታው ጠፋለት፣ ዳነ ተባለ። ሳምንታት ቆይቶ ግን ሳንባ ምች ወሰደው። አያቴ እስክትሞት ድረስ "ዓይን ነው" ትል ነበር።

"እኔን ግን ከዚያ ወዲህ ነክቶኝ አያውቅም" አለች እናቴ። "የጎረቤት ልጆች ታመው አቅፌያቸው ሳድር እንኳ።"

ይሄ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ሰውነት እንዴት ይህን ያህል ዘመን አይረሳም?

ልጅ ሳለሁ እግሬ ሲቆስል ብሽሽቴ ላይ፣ ጉሮሮዬን ሲያመኝ አገጬ ስር እብጠት ይወጣብኝ ነበር። እናቴ በአውራ ጣቷ እያሸች "ንፍፊት ነው፣ ይጠፋል" ትለኛለች። እኔ በሽታ ይመስለኝ ነበር። ለካ አንቲቦዲ፣ ጀርሙን ለይቶ የሚይዘው የሰውነት መከላከያ፣ የሚሠራው እዚያ ነው! ኩፍኝ ሲይዝ የቫይረሱ ቁራጭ ወደዚያ ይወሰዳል። እዚያ ካሉት እልፍ አእላፍ ቢ ሴሎች (አንቲቦዲ የሚሠሩት ነጭ የደም ሴሎች) ውስጥ ለቁራጩ የሚገጥመው ተመርጦ ይባዛል። ሲባዛም ቅርጹ ትንሽ ትንሽ ይለዋወጣል። ይበልጥ የገጠመው ይቀራል፣ ያልገጠመው ይሞታል። የመጀመሪያው ሰሞን አንቲቦዲ ገና ጥሬ ነው፤ በሳምንታት ውስጥ እየተሳለ ይሄዳል። በኋላ አንዳንዶቹ ሴሎች መቅኔ ውስጥ ይቀመጡና ለዓመታት ያመርታሉ።

በ1846 እ.ኤ.አ. ኩፍኝ በሰሜን አትላንቲክ ያሉት የፋሮ ደሴቶች ገባ። ከ7,800 ገደማ ነዋሪ ከ6,000 በላይ ታመመ። ፒተር ፓኑም የሚባል ወጣት የዴንማርክ ሐኪም ሄዶ መዘገበው። ከ65 ዓመት በፊት፣ በ1781፣ ታመው የዳኑትን ሽማግሌዎች ግን አንዳቸውንም አልያዘም። ያኔ አንቲቦዲ የሚባል ነገር መኖሩን ማንም አያውቅም።

ኩፍኝ ግን ክፉ ነው። ስለራሱ ያስተምርና ሌላውን ያስረሳል። በ2019 የወጣ ጥናት ላይ፣ ኩፍኝ የያዛቸው ያልተከተቡ ልጆች ቀድሞ ከነበራቸው አንቲቦዲ ከ11 እስከ 73 በመቶውን አጥተው ተገኝተዋል። አጎቴን አሰብኩ። ሽፍታው ጠፍቶ ሳለ ሳንባ ምቹ ያገኘው ምናልባት ባዶ እጁን ነበር። ለእናቴ ስነግራት ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ "ዓይን አልነበረም ማለት ነው" አለች።

ክትባቱ ግን የተዳከመ ቫይረስ ስለሆነ ያንን ዋጋ አያስከፍልም። 9 ወር የሚጠበቀውም እኔ በእርግዝና ያቀበልኩት አንቲቦዲ እስኪያልቅ ነው፤ ቀድሞ ቢሰጥ የእኔው ክትባቱን ያከሽፈዋል። የኔ ስንቅ አልቋል ማለት ነው። አሁን የራሱን ይሠራል። በ15 ወሩ ሁለተኛውን ይወስዳል።

አሁን ተኝቷል። የተወጋበት ክንዱ ላይ ትንሽ ቀይ ነጥብ አለች። እናቴ ብብቱን በአውራ ጣቷ ቀስ አድርጋ ዳበሰችው። ምንም አልተገኘም፤ ገና መጀመሩ ነው።