ያገለገለ ባለ ቅርጫት መኪና ስንገዛ ሞተሩን በመጨረሻ እንየው

ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ ባለው አካባቢ የማስታወቂያ ሰሌዳና የውጭ መብራት የምንተክል አነስተኛ ድርጅቶች፣ ሥራ እየበዛ በሄደ ቁጥር ሰው ማንሻ ቅርጫት ያለውን መኪና ከመከራየት መግዛት ይሻላል ወደሚል ሐሳብ መምጣታችን አይቀርም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያረጀ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ ስላስወደደው፣ አብዛኛውን ጊዜ የምንገዛው እዚሁ ሲሠራ የቆየውን ነው። ደላላው ደግሞ መጀመሪያ የሚያስነሣልን ሞተሩን ነው። የአይሱዙ ሞተር ቢደክም ግን ሶማሌ ተራ መለዋወጫ አይጠፋም፣ የሚጠግነው መካኒክም ሞልቷል፤ ሠራተኛ ተሸክሞ አየር ላይ የሚቆመው ክንድ ከተሰነጠቀ በሠፈር ብየዳ ተደባብሶ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ስለዚህ መኪናው በቆመበት ክንዱ ወደ ላይ እንዲነሣ፣ ቅርጫቱም ውስጥ ሰው ሳይሆን አምራቹ ከፈቀደው ክብደት ያልበለጠ የአሸዋ ከረጢት እንዲጫን እጠይቃለሁ። ከዚያ ሞተሩ ይጠፋል፤ ክንዱን ደግፎ በያዘው ሃይድሮሊክ (በዘይት ግፊት የሚሠራ) ሲሊንደር ዘንግ ላይ፣ ልክ ዘንጉ ከሚወጣበት አፍ አጠገብ፣ በማርከር መስመር ይሰመርና ማኪያቶ ጠጥተን እንመለሳለን። መስመሩ ወደ ውስጥ ገብቶ ከጠፋ ክንዱ በራሱ እየወረደ ነው፤ የሲሊንደሩ ጎሚኒ (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው የጎማ ቀለበት) አልቋል፣ አለዚያም ዘይቱን አግዶ የሚይዘው ቫልቭ አይዘጋም ማለት ነው። ሞተሩ ሳይነሣ ቅርጫቱን ማውረድ የሚቻልበት የአደጋ ጊዜ መቆጣጠሪያም በዚያው ይሞከራል። ሻጩ «እሱን ማንም አይጠቀምበትም» ካለኝ ዋጋ መጠየቄን አቆማለሁ።

ቀጥሎ የሚታየው ክንዱ ከመዞሪያው፣ ማለትም ወደ ጎን ከሚያዞረው መቀመጫ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። እዚያ አካባቢ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ከብየዳ መስመር ሥር እንደ ክር ቀጥኖ የሚወርድ ዝገትም ብዙውን ጊዜ ከበስተጀርባው ስንጥቅ አለው። የሃይድሮሊክ ቱቦዎችን በእጅ እየዳሰሱ የሚያፈስ ቦታ መፈለግ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ በዓይን ከማይታይ ቀዳዳ በከፍተኛ ግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳን በስቶ ስለሚገባ፣ ካርቶን እያስጠጉ መፈተሽ ይሻላል።

ሻጮች ክንዱ ፋይበርግላስ መሆኑን ጠቅሰው ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም በማለት ዋጋ ይጨምራሉ። ይህን ብቃት ግን እርጥበት፣ አቧራና ጭረት ስለሚያበላሹት በየጊዜው በመሣሪያ መፈተሽ አለበት። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ኤሌክትሪክን የማገድ አቅሙም ከባሕር ጠለል አቅራቢያ ካለው ያንሳል። ሥራችን ከ15 ኪሎ ቮልት የኤሌክትሪክ መስመር መራቅ እንጂ መስመሩን መንካት ስላልሆነ፣ የፈተና ሰነድ ለሌለው ፋይበርግላስ ተጨማሪ ብር መክፈል ትርጉም የለውም።

ስለ ቁመት ብዙ አልጨነቅም፤ ብዙዎቹ ሰሌዳዎቻችን ከሦስተኛ ፎቅ አይዘሉምና 14 ሜትር ይበቃል። ብቻ የተነገረን ቁመት የቅርጫቱ ወለል ይሁን የሠራተኛው እጅ የሚደርስበት መለየት አለበት፤ ልዩነቱ ወደ 2 ሜትር ይጠጋል። ከቁመቱ ይልቅ ሜትር ይዤ የምለካው መኪናው እንዳይገለበጥ በጎን ተዘርግተው መሬት የሚረግጡትን የደጋፊ እግሮች ስፋት ነው፤ ሁሉም ሳይዘረጉ ክንዱን ማንሣት አደገኛ ሲሆን፣ ከፒያሳ ጀርባ ባሉት ጠባብ መንገዶች ደግሞ ሰፊ እግር ያለው መኪና ትራፊኩን ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። በኮሪደር ልማቱ በተነጠፉት የእግረኛ መንገዶች ላይ ሲቆም ንጣፉ እንዳይሰበር ከየእግሩ ሥር የሚገባ ወፍራም ጣውላ ያስፈልጋል።

ቀብድ ከመክፈል በፊት የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከር፤ ክንዱ በኋላ የተገጠመ ከሆነም ለውጡ ሊብሬው ላይ መመዝገቡን ማየት ያስፈልጋል፤ ካልተመዘገበ ዓመታዊ ምርመራ ላይ ጥያቄ የሚነሣው በገዢው ስም ነውና፣ ማስተካከያውን ሻጩ ራሱ ጨርሶ እንዲያስረክብ በውሉ ላይ ይጻፍ።