የአያቴን ቋንቋ በፈረንሳይኛ

ጋፋት ስል ሰው ሁሉ ትዝ የሚለው ሴባስቶፖል ነው። አዎ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ያለው፣ አጼ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩበት ቦታ ጋፋት ይባላል። እኔ ግን የማወራው ዛሬ ተናጋሪ ስለሌለው ስለ ጋፋትኛ ቋንቋ ነው። ዳሞት የተወለዱት አያቴ «እኛ እኮ ጋፋቶች ነን» ይሉ ነበር። በአማርኛ! ከዚያ ቋንቋ አንዲት ቃል እንኳ ከአፋቸው አልሰማሁም።

አምና ክረምት፣ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ሲል፣ ለምን አልማረውም ብዬ ተነሳሁ።

ያለው ነገር ትንሽ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ መኃልየ መኃልይን በጋፋትኛ አስተርጉሞ ይዞ ሄደ፤ ጽሑፉ አሁን ኦክስፎርድ ነው ያለው። በ1947 ደግሞ የቋንቋ ተመራማሪው ዎልፍ ሌስላው በስንት ፍለጋ ቋንቋውን የሚችሉ አራት ሰዎች አገኘ። ጥናቱ በ1956 ፓሪስ ታተመ፣ በፈረንሳይኛ። እና እኔ የአያቴን ቋንቋ የምማረው ስልኬ ከፈረንሳይኛ እየተረጎመልኝ ነው። ሳቁ እንጂ።

የብሩስ ጽሑፍ የፍቅር ግጥም ነው። ወይን፣ ከርቤ፣ ርግብ። ከእሱ ለባለቤቴ «አንገትሽ እንደ ዳዊት ግንብ ነው» ማለት እማር ይሆናል፤ ልጄን «ውረድ ከዚያ፣ ትወድቃለህ» ለማለት ግን ከየትኛው ምዕራፍ ልቅዳ?

ከዚህ የባሰው ድምፁ ነው። ጽሑፉ በእኛው ፊደል ስለሆነ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ፊደላችን ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን አይለይም። «ገና» የሚለውን በዓሉ ይሁን «ገና አልመጣም» የምንለው፣ አማርኛ ስለምንችል እናውቀዋለን። የጋፋትኛውን ማን ይንገረኝ? ሌስላው ከእነዚያ አራት ሰዎች የሰማው ቃል ከሆነ ተገላገልኩ። ካልሆነ ግምት ነው።

አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ዋምፓኖግ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች ተናጋሪ ካጡ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነውን ቋንቋቸውን በ1663 ከታተመ መጽሐፍ ቅዱስና ከድሮ ሰነዶች እየተማሩት ነው። ጄሲ ሊትል ዶ ቤርድ የምትባል ሴት ናት የጀመረችው፤ ለዚህ ብላ ኤምአይቲ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ገብታ የቋንቋ ጥናት ተማረች። ወረቀቱ ዝም ያላቸው ቦታ ላይ ዘመድ ቋንቋዎችን እያነጻጸሩ ነው ያለፉት። እኔም ይህን ሳነብ ነው መሥሪያ ቤት አጠገቤ የሚቀመጠው ጓደኛዬ ትዝ ያለኝ። ክስታኔ ነው፣ የሶዶ ሰው። ክስታንኛ ደግሞ ለጋፋትኛ ከአማርኛ ይልቅ ይቀርባል።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ ቡና ስንጠጣ ቃል አነብለታለሁ። «አጥብቀው እንጂ፣ እኛ ቤት እንደዚህ ነው የሚባለው» ይለኛል። «የእናንተ ቤት ጋፋት አይደለም» እለዋለሁ። ባለፈው በአንዲት ግስ ብቻ አንድ ሰዓት ተከራክረን ቡናው ቀዘቀዘ፤ እስካሁንም አልተስማማንም።